ስለ ኩዊር ወጣቶች የሚሠራ ነጻ ዘጋቢ ፊልምን ከሐዋሳ ሆኖ እንዴት መደገፍ ይቻላል?

የሐይቅ ዳር ቀናባሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን መተዳደሪያዬ የሠርግና የምረቃ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ናይሮቢ ውስጥ በተሰጠ የቅንብር ሥልጠና ላይ የተዋወቅኳት አንዲት ፊልም ሠሪ፣ ባለፈው ወር ደብዳቤ ጽፋ እርዳታዬን ጠየቀችኝ። የምትሠራው ዘጋቢ ፊልም በአንድ ትልቅ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ስለሚኖሩ ኩዊር (በፍቅር ዝንባሌያቸው ወይም በጾታ ማንነታቸው ከተለመደው የተለዩ) ወጣቶች፣ ስለሚሰባሰቡበት ፀጉር ቤት፣ ስለ ሌሊት ጭፈራቸውና በጋራ ስለተከራዩት ቤት ነው። ከባለታሪኮቹ መካከል ሁለቱ ከአገራችን የተሰደዱ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ቀረጻው ተጠናቅቋል፤ የቀረው ቅንብሩ፣ የድምፅና የቀለም ሥራው እንዲሁም የግርጌ ጽሑፉ ሲሆን፣ ገንዘቡ ያለቀው ደግሞ ልክ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ፊልም መደገፍ የምፈልግበትን ምክንያት ልደብቅ አልፈልግም። አሥረኛ ክፍል ሳለን ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቤቱም ከትምህርት ቤቱም ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ወዴት እንደሄደ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሰዎች በገዛ አንደበታቸው ሕይወታቸውን የሚናገሩበት ሥራ እጄ ላይ ሲደርስ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጥያቄዎቼ የሚከተሉት ናቸው። ገንዘብ ማዋጣት ብፈልግ በየትኛው መንገድ ነው ጥቅም የሚሰጠው? የአማርኛውን የግርጌ ጽሑፍ ብሠራ የትኞቹን ቃላት ልጠቀም? ሦስተኛው ግን እንቅልፍ የነሣኝ ነው። ከሁለቱ አማርኛ ተናጋሪዎች የአንደኛው ፊት በፊልሙ ውስጥ አይታይም፤ ቢሆንም ስለ ቤተሰቡ ሥራና ስለ ሠፈሩ የተናገራቸውን ሦስት ነገሮች እንደሰማሁ ከየትኛው የሐዋሳ ሠፈር፣ ምናልባትም ከየትኛው ቤት እንደሆነ ገመትኩ። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም። ይህን ለፊልም ሠሪዋ መንገር አለብኝ ወይስ በሥራዋ ጣልቃ መግባት ይሆንብኛል?

ተርጓሚ ከአዳማ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ መልሴን ከሦስተኛው ጥያቄዎ እጀምራለሁ። ዛሬውኑ ይንገሯት። ገንዘብ ሊሰጣት የሚችል ሰው በብዙ አገር ይገኛል፤ የሐዋሳን መንገድና የሐዋሳን ልጅ አነጋገር የሚያውቅ፣ ይህንንም አውቆ ለባለታሪኩ ደኅንነት የሚጨነቅ ሰው ግን ምናልባት ከእርስዎ ሌላ የላትም። ፊትን ማደብዘዝ ለባዕድ ተመልካች በቂ ይመስላል፤ ጎረቤት ግን ሰውን የሚለየው በፊቱ ብቻ አይደለም። ባለታሪኩ ከአንገቱ ያሠረው የማተብ ክር፣ ከጀርባው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ፣ የእጁ ጠባሳ፣ የስልኩ ጥሪ፣ «እንዴ» ሲል ድምፁን የሚያነሣበት መንገድ፣ ሁሉም ስም ይጠራሉ።

ስለዚህ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይመልከቱት፤ ሰውየውን ሊያጋልጥ የሚችለውን እያንዳንዱን ነገር ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ ይመዝግቡ። ድምፁን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ቅጥነቱን ወይም ውፍረቱን በኮምፒውተር መቀየር ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ መሣሪያው ያለው ሰው መልሶ ሊያስተካክለው ይችላልና። የሚሻለው ቃሉን ሌላ ሰው እንዲናገርለት ማድረግ ነው፤ ይህም ሰው የሐዋሳ አነጋገር ባይኖረው ይመረጣል። የግርጌ ጽሑፉን ፋይል ሲያዘጋጁም ለጊዜው ብለው እንኳ እውነተኛ ስም አይጻፉበት፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ረቂቅ የት እንደሚቀር አይታወቅም።

ስለ ቃላቱ ደግሞ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ዓመት የለፋሁበት ጉዳይ ነው። «ግብረ ሰዶማዊ» የሚለው ቃል ከሃይማኖትና ከሕግ መዝገብ የመጣ ስለሆነ ፍርዱን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ባለታሪኩ ራሱን በዚህ ስም ካልጠራ በአፉ ልናስገባበት አይገባም። ፊልሙ ውስጥ አንድ ዘመድ ወይም ፖሊስ ሲሳደብበት ከሆነ ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ ስድቡን ማለስለስ የደረሰበትን በደል ማለስለስ ነው። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ከፍርድ የራቀ ነው፤ ችግሩ ርዝመቱ ነው። የግርጌ ጽሑፍ ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ተመልካቹም ምስሉንና ጽሑፉን እኩል መከታተል ስላለበት ሦስት ቃል የሚወስድ ስያሜ በየአረፍተ ነገሩ ሲደጋገም ዓይን ያደክማል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በሙሉው ጽፎ ከዚያ በኋላ «እኛ»፣ «እነርሱ»፣ «ልጆቹ» እያሉ መቀጠል ይቻላል። የአገራችን ልጆች እርስ በርስ የሚጠራሩበት «ዜጋ» የሚለው ቃልም አለ። ቃሉ ከመካከላቸው ወጥቶ በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ምሥጢር አይደለም፤ ቢሆንም ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር በመዝገበ ቃላት ፍቺው ከተተረጎመ ትርጉሙ ይጠፋል። እኔ ብሆን ቃሉን እንዳለ አስቀምጬ ትርጉሙን ከንግግሩ አውድ እንዲረዱት አደርግ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ቃሉ በፊልም እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነ ባለታሪኮቹ ይጠየቁ።

ከሁሉም የሚከብደው የጾታ አመልካቻችን ነው። ስዋሂሊ «ዬዬ» ሲል እርሱንም እርሷንም ማለቱ ነው፤ እኛ ግን ስለ አንድ ጓደኛችን ስናወራ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳንል አረፍተ ነገሩን መዝጋት ይቸግረናል። ፊልሙ ውስጥ በትውልድ ጊዜ የተሰጣትን ጾታ ትታ በሴትነት የምትኖር ሰው ካለች፣ «ነህ» ብለን ከጻፍን በእያንዳንዱ መስመር ማንነቷን እንነጥቃታለን። በ«እርስዎ» ማምለጥ እንዳይሞክሩ፤ አንድ ምንጣፍ የሚጋሩ ጓደኛሞች በ«እርስዎ» ሲነጋገሩ የሚያነብብ ሰው በመካከላቸው ያለውን ቅርርብ በሙሉ ያጣዋል። መጠየቅ እንጂ መገመት አይገባም።

በጋራ የተከራዩትን ቤት የምታስተዳድረዋን ሴት «እናት» ይሏት ይሆናል። በኒው ዮርክ ሃርለም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኩዊር ሰዎች የውድድር መድረክ የታወቀችው ክሪስታል ላቤይጃ የራሷን «ቤት» ካቋቋመች ወዲህ፣ ከቤተሰብ የተባረሩ ወጣቶች በአንድ «እናት» ሥር ተሰባስበው የቤቱን ስም እንደ አባት ስም መያዛቸው የተለመደ ሆኗል። አንዳንዶች ይህን «አስተናጋጅ» ወይም «የቡድን መሪ» ብለው ሲተረጉሙ አይቻለሁ፤ አያስፈልግም። የጡት ልጅን፣ ጉዲፈቻንና የክርስትና እናትን የሚያውቅ አንባቢ ያለ ወሊድ የሚገኝ እናትነት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አይሻም። «የቤቱ እናት» ይበሉ።

ናይሮቢ የቆየ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ገንዘቡ የማውቀውን ልጨምር፤ ለስድስት ዓመታት ናይሮቢ ውስጥ በፊልም ሥራ ላይ ነበርኩ።

ፊልም ሠሪዋ ገንዘቧ ያለቀበት ቦታ ብዙ ነጻ ዘጋቢ ፊልሞች የሚሞቱበት ቦታ ነው። ለቀረጻ የሚሰጥ ሰው ይገኛል፤ ካሜራና ጉዞ ያጓጓሉ። ለድምፅ ማጥራት፣ ለቀለም ማስተካከልና ለግርጌ ጽሑፍ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው። ይህ ስለታወቀ ነው የሳን ፍራንሲስኮው የኩዊር ፊልም ድርጅት ፍሬምላይን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለማጠናቀቂያ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ሲሰጥ የቆየው። ለአፍሪካ ዘጋቢ ፊልሞች የአምስተርዳሙ ኢድፋ በርታ ፈንድ አለ፤ ናይሮቢም ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ዘጋቢ ፊልሞችን የሚደግፈው ዶኪዩቦክስ ይገኛል። ወዳጅዎ ለእነዚህ የምታቀርበውን ማመልከቻ በማንበብና የናሙና ቅንብሩን በማሳጠር ቢያግዟት፣ ከኪስዎ ከሚያወጡት ብር የሚበልጥ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ከኪስዎ ማዋጣት ከፈለጉ የመንገዱን አሠራር ይወቁ። ኪክስታርተር በሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ መድረክ አንድ ፊልም ያስቀመጠው የገንዘብ ግብ ካልሞላ ከማንም አዋጪ ምንም አይቆረጥም፤ ግቡ ከሞላ ደግሞ መድረኩ 5 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪም በዚያ ላይ ይጨመራል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገባ ትንሽ ገንዘብ በመጨረሻ ከሚገባ ትልቅ ገንዘብ ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ገና ባዶ የሆነን ማሰሮ ለመሙላት የሚደፍር ሰው አይበዛምና። አብዛኞቻችን የምንይዘው የባንክ ካርድ ለአገር ውስጥ ክፍያ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ከሐዋሳ በቀጥታ መክፈል ያስቸግራል። በውጭ ያለ ዘመድ ቢከፍልልዎ የአዋጪዎች ስም በፊልሙ መጨረሻ እንዳይወጣ አስቀድመው ያስታውቁ።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡ መጠን በላይ ያሳስበኛል፤ ገንዘቡ ወደ ማን ይደርሳል የሚለው። ስለ ሃርለም የጭፈራ ውድድሮች የተሠራው ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የዘጋቢ ፊልም ታላቁን ሽልማት አገኘ፣ ለአንድ ዘጋቢ ፊልምም ከፍተኛ የሆነ የሲኒማ ገቢ አስገኘ። ሕይወታቸው የተቀረጸው ሰዎች ግን ከዚያ ገቢ ምን ደረሰን ብለው ጠየቁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ወደ 55 ሺህ ዶላር ለ13 ሰዎች ተከፋፈለ። ፊልሙ ዛሬም ይታያል፣ ይደነቃል፤ ከባለታሪኮቹ በርካቶቹ ግን በድህነት ኖረው በድህነት አልፈዋል። ስለዚህ ወዳጅዎን በጨዋነት ይጠይቋት፦ ፊልሙ ገቢ ካገኘ የባለታሪኮቹ ድርሻ በጽሑፍ ተወስኗል? ካልተወሰነ እርስዎ ያዋጡት ገንዘብ ለዚያ ስምምነት መጻፊያ ቢውል እኔ ደስ ይለኛል።

ፊልሙ የት እንደሚታይም አስቀድማ ማሰብ አለባት። ኬንያ ውስጥ በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ የተሠራው ስቶሪስ ኦቭ አወር ላይቭስ እ.ኤ.አ. በ2014 ታግዷል፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ ያለ ፈቃድ ቀርጿል ተብሎ ታስሮ ነበር። በፒተር ሙሪሚ ተሠርቶ ለዓመታት ቀረጻው የተካሄደው አይ አም ሳሙኤልም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ታገደ። የመጀመሪያውን ፊልም የሠሩት ሰዎች መንገድ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፦ የብዙ ሰዎችን እውነተኛ ቃል ሰብስበው፣ ስማቸውን ትተው፣ በተዋንያን አማካይነት ነው ታሪኩን ያሳዩት። የሐዋሳው ልጅ ክፍል በዚህ መንገድ ቢሠራ ከማደብዘዝ ይሻላል።

የአራት ልጆች እናት፦

ልጄ ሆይ፣ እኔ የዚህ ጉዳይ ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። በእምነቴ የማምነውን አምናለሁ፤ በዚህም ከአንዳንዶቻችሁ ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ፤ ለመከራከር ግን አልመጣሁም። ቲክቶክ ላይ የሰው ልጆች ፎቶና አድራሻ እየተለጠፈ «ያዙልን» ሲባል ያየሁ ጊዜ፣ የእያንዳንዳቸው እናት ያንን ስልክ ከማን እጅ ላይ እንደምታየው አሰብኩና ምግብ አልበላ አለኝ።

አንተ የሠፈሩን ወሬ ሰምተህ ቤቱን ገመትከው። አንተ የገመትከውን የቡና አጣጭ ጎረቤት ከአንተ ቀድማ ትገምተዋለች። ልጁ ርቆ ይሆናል፤ እናቱ ግን እዚሁ ናት። ገበያ ትወጣለች፣ እድር ላይ ትቀመጣለች፣ ልጆቿን ትድራለች። ፊልሙን የሚሠሩት ሰዎች የልጁን ፈቃድ ጠይቀዋል፤ የእርሷን የጠየቀ የለም። ይህንን ንገራት። ደግሞም ከተቻለ ልጁ በጎ መሆኑን ለእናቱ የሚያደርስላት ሰው ይፈለግ። ከፊልሙ ሁሉ የምትጠብቀው ያንን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሕግ ያጠናሁ፦

በአጭሩ ልጨምር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ድርጊትን ነው፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ሲሆን በአንቀጽ 630 የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሲኖሩ ይከብዳል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ባለታሪክ ካሜራ ፊት ስለ ሕይወቱ የሚናገረው፣ በተለይም አገር ውስጥ ሳለ ስለነበረው ጊዜ የሚተርከው፣ አንድ ቀን ቢመለስ ሊጠቀስበት እንደሚችል ማወቅ አለበት። ፈቃዱን የሰጠው ይህን ተረድቶ መሆኑን ፊልም ሠሪዋ ታረጋግጥ። ፈቃድም ቀረጻ ሲጀመር የሚፈረም አንድ ወረቀት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የተቀነባበረውን ካየ በኋላ እንደገና ይጠየቅ፣ ሐሳቡን ቢቀይርም የሚወጣበት መንገድ ይኑር። እርስዎም ጥሬውን ቀረጻ ከሠርግ ሥራዎ ጋር በአንድ ሃርድ ዲስክ አያኑሩ፤ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዲስክ ብቻ ያስቀምጡ፣ ሥራውን ሲጨርሱም ያጥፉት።

ተርጓሚ ከአዳማ፦

የሕግ ባለሙያው ስለ ፈቃድ የጻፉትን ሳነብ አንድ ፊልም ትዝ አለኝ። ዌልካም ቱ ቼችኒያ በተሰኘው እ.ኤ.አ. የ2020 ዘጋቢ ፊልም ውስጥ በሩሲያዋ ቼችኒያ ከአሳዳጆቻቸው የሚሸሹ ኩዊር ሰዎች ፊት በማደብዘዣ አልተሸፈነም፤ የሌሎች ፈቃደኞች ፊት በኮምፒውተር ተለጥፎላቸዋል፤ ተመልካቹም ዓይናቸው ሲያለቅስ ያያል፣ ማንነታቸውን ግን አያውቅም። ከመካከላቸው አንዱ የደረሰበትን በስሙ በአደባባይ ለመናገር በወሰነ ጊዜ ግን የተለጠፈው ፊት ቀስ ብሎ ይነሣና የራሱ ፊት ይገለጣል። ያንን መሸፈኛ የማንሣት ውሳኔ የእርሱ ብቻ ነበር። የዚያን ፊልም ዓይነት ሥራ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ውሳኔውን ለባለቤቱ ለመተው ግን ገንዘብ አያስፈልግም።

የሐይቅ ዳር ቀናባሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናታችንን መልስ ካነበብኩ በኋላ በዚያው ምሽት ለፊልም ሠሪዋ ደወልኩ። በደቂቃና በሰከንድ ለይቼ ያወጣሁት ዝርዝር ሦስት ነገሮች ይሆናሉ ብዬ ጀምሬው አሥራ አንድ ሆነ። አንዱን እስካሁን አልረሳውም፦ ልጁ በጨለማ ተቀምጦ ሲናገር እጁ ብቻ ይታያል፤ በእጁም ዓሣ እንዴት እንደሚገፈፍ ያሳያል፤ ያንን አያያዝ የማያውቅ የሐይቅ ዳር ሰው የለም። ፊልም ሠሪዋ ይህ ትዕይንት ከሁሉም የምትወደው እንደነበር ነገረችኝ፤ ለረጅም ጊዜም ዝም አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ዝርዝሩን አንድ በአንድ እንዳዩት ጻፈችልኝ። የቤተሰቡ ሥራ፣ ሠፈሩና የእጁ ትዕይንት እንዲወጡ ልጁ ራሱ ወስኗል፤ ቃሉንም ሌላ ሰው ይናገርለታል። የገቢ ድርሻውን ጉዳይ ስጠይቃት እስካሁን በቃል ብቻ እንደነበር አምና፣ ለሁሉም ባለታሪኮች በጽሑፍ እንደምታደርገው ነግራኛለች። እናቱን በተመለከተ ልጁ አስቦ መልስ እንደሚሰጥ ተናግሯል፤ እስኪመልስ እጠብቃለሁ እንጂ እኔ በራሴ ተነሥቼ ምንም አላደርግም።

አንድ ነገር ግን እንዳይወጣ ለምኗል። የሐዋሳ ስም ይቅር ቢሉት እምቢ አለ፤ ከተማዬን አትውሰዱብኝ ነው ያለው። ከተማዋ ሰፊ ስለሆነች ስሟ ብቻውን እንደማያጋልጠው እኔም ተስማምቻለሁ። ስለ ልጅነቱ በሚናገርበት ቦታ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ጥቁር ላይ የሐይቁ ድምፅ እንዲሰማ ይፈልጋል፦ የጀልባው መቅዘፊያ፣ የውኃ ወፎቹ፣ የአባ ኮዳው ክንፍ። እርሱ ሄዶ ሊቀዳው አይችልም፤ እኔ እችላለሁ። የሰው ድምፅ እንዳይገባበት ዓሣ ገበያው ከመሙላቱ በፊት መቅዳት ስላለብኝ፣ ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መቅጃዬን ይዤ አሞራ ገደል እገኛለሁ።